አሉሚኒየምም ይነቅዛል፦ የአሮጌ ላንድሮቨር በር ከነጭ ዱቄት እንዴት ይድናል

«አሉሚኒየም አይዝግም» ብለው ነው የሸጡልኝ። አልዋሹም። አይዝግም፤ ይነቅዛል።

መኪናዋ ዲፌንደር ናት። ከእኔ በፊት ብዙ ዓመት የሠራችው አፋር ውስጥ ነው፤ የጨው አገር። ስገዛት የሾፌሩ በር ታችኛው ጠርዝ ላይ ቀለሙ አተር አተር የሚያክል እብጠት አውጥቶ ነበር። አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። ፋቅ ፋቅ አደረጉ፣ ስቱኮ ሞሉ፣ ቀቡ። ስትወጣ ሙሽራ መስላ ነበር። አንድ ክረምት አለፈ። መስከረም ላይ እብጠቱ ተመልሶ መጣ፤ ያውም ዘመድ አዝማዱን አስከትሎ።

ሌላ ሰፈር ወዳሉ ሸምገል ያሉ የቦዲ ሠራተኛ ሄድኩ። ብዙም አላወሩም። ካቻቢቴ አነሱና የበሩን ጠርዝ ወጋ አደረጉት። ካቻቢቴው ያለ ምንም ትግል ገባ። ሲያወጡት ነጭ ዱቄት ከነቀዘ እህል እንደሚወጣው ቡን አለና ጫማቸው ላይ ፈሰሰ።

«ጋሼ፣ ቀለሙ ነው እንዴ ያበላሸው?»

«ቀለም ምን አደረገ ልጄ? ውስጡ ያለው ብረት ነው የሚበላው።»

በሩን ከዚያ በኋላ ራሴ ፈታሁት። ከዚህ በታች የጻፍኩት እሱን እየሠራሁ የተማርኩትን ነው። ሌላውን ሁሉ ብትረሱ እንኳ የጋሼን ንግግር ፍሬ ያዙ፦ አሉሚኒየሙንና ብረቱን ሳትለዩ የምትቀቡት ቀለም የአንድ ክረምት ዕድሜ ነው ያለው።

ብረቱ እንዴት ይበላዋል?

ላንድሮቨር መጀመሪያ ለሕዝብ የታየችው እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 30 ቀን 1948 በአምስተርዳም የመኪና ትርኢት ላይ ነው። ጦርነቱ ካበቃ ገና ሦስት ዓመቱ ነበር፤ እንግሊዝ ውስጥ ብረት በራሽን ነበር የሚገኘው። ስለዚህ ቦዲውን ቢርማብራይት ከሚባል አሉሚኒየምና ማግኒዥየም ከተቀላቀለበት ላሜራ ሠሩት። ሻንሲውና የበሩ ፍሬም ግን ብረት ነው። ይሄ ጋብቻ የአሮጌው ዲፌንደር ምርት እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 2016 እስኪቆም ድረስ ዘለቀ።

ጋብቻው ደረቅ ቦታ ላይ ሰላም ነው። ውኃ ሲገባበት ግን ነገሩ ይለወጣል። ሁለት የተለያዩ ብረታ ብረቶች ተነካክተው እርጥበት ሲያገኙ ባትሪ ይሆናሉ። በዚህ ባትሪ ውስጥ ራሱን የሚሰጠው አሉሚኒየሙ ነው። ጨው ሲጨመርበት ይፈጥናል። አሉሚኒየም አየር ሲነካው ወዲያው ስስ መከላከያ ልባስ ያበጃል፤ ጨው ግን ያን ልባስ ይበሳዋል። የሚወጣው ነጭ ዱቄት ደግሞ ከተበላው ላሜራ የበለጠ ቦታ ስለሚፈልግ ቀለሙን ከሥር ገፍቶ ያነሳዋል። እብጠቱ ይሄ ነው። ላዩን እያያችሁት ያለው እብጠት ከውስጥ ከጀመረ ቆይቷል።

የትል መንገድ የመሰለ ቀጭን ጠመዝማዛ መስመር ከቀለሙ ሥር ካያችሁ ያ ሌላ ዓይነት ነው። ከጭረት ወይም ከጠርዝ ተነስቶ በቀለምና በላሜራ መካከል ይሄዳል። ብረት ባይነካውም ይመጣል። እሱ ከታወቀ በጊዜ በመፋቅና በደንብ በመቀባት ይድናል።

አሜሪካ ያላችሁ ክረምት ላይ ጨው የሚበተንበት ከተማ ከሆነ የምትኖሩት፣ ነገሩ የላንድሮቨር ብቻ አይደለም። ፎርድ ኤፍ-150 ከ2015 ሞዴል ጀምሮ ቦዲው አሉሚኒየም ነው። ሌላው ቦዲያቸው ብረት ሆኖ ኮፈናቸው ብቻ አሉሚኒየም የሆኑ መኪኖችም ሞልተዋል። የኮፈኑን የፊት ጠርዝ ከሥር በኩል እጃችሁን ሰድዳችሁ ዳስሱት።

መጀመሪያ ማግኔት

ከሥራው በፊት ትንሽ ማግኔት ያዙና መኪናውን ዙሩት። የያዘው ብረት ነው፤ ያልያዘው አሉሚኒየም ነው። አሮጌ መኪና ላይ ከዚህ በፊት ማን ምን እንደለጠፈ አይታወቅም። እኔ ግራ ፓራፋንጎ ላይ ማግኔቱ ሲይዝ ደነገጥኩ። ለካ አንድ ሰው የጣራ ቆርቆሮ ቆርጦ ከሥር ለጥፎ ስቱኮ ደርቦበት ኖሯል። በሽታውን በመድኃኒት ስም ጨመረበት ማለት ነው።

በደንብ የምታዩአቸው ቦታዎች፦ የበሮች ታችኛው ጠርዝ፣ የማጠፊያ ብሎኖች ዙሪያ፣ ፓራፋንጎው ከብረት ጋር የሚታሰርበት፣ ከኋላ ጭነት ክፍሉ ላይ ሪቬት የተመታበት ሁሉ። ምንጣፍ ካለ አንሱት። ምንጣፍ ውኃ ይዞ ለወራት ይቀመጣል።

ምልክት ስታደርጉ በእርሳስ አይሁን። ቀልድ አይደለም። የእርሳስ ልብ ግራፋይት ነው፤ እሱም ከአሉሚኒየም ጋር እርጥበት ሲያገኝ ልክ እንደ ብረቱ ይበላዋል። ማርከር ተጠቀሙ።

መቼ ይሠራ

ሐምሌና ነሐሴ ይለፉ። ኅዳርና ታኅሣሥ ደግሞ ሌሊቱ ይበርዳል፤ ኢፖክሲ የሚባለው ፕራይመር (ከዋናው ቀለም በፊት የሚቀባው መነሻ) ከ10 ዲግሪ በታች በደንብ አይጠነክርም። አዲስ አበባ ላይ ለእኔ የተስማማኝ ከጥር መጨረሻ እስከ የካቲት ያለው ነው። ጠዋት ጤዛው ከደረቀ በኋላ፣ ሦስት ሰዓት ገደማ ጀምሩ። ፕራይመሩ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በፊት ያረፈ ይሁን።

መፍታት

ከአንድ ቀን በፊት የማጠፊያ ብሎኖቹ ላይ የዝገት መፍቻ ዘይት አድርጉና ይደሩ። በጉልበት ከፈታችሁ ብሎኑ ሳይሆን ላሜራው ነው የሚቀደደው። እያንዳንዱን ነገር ከመፍታታችሁ በፊት በስልክ ፎቶ አንሱት። መስታወቱ፣ ቁልፉ፣ የውስጥ ሽፋኑ ይውጣ።

ሪቬቶቹን በትራፓኖ ጭንቅላታቸውን ብሱና በጡንቻ ሳይሆን በቀስታ ግፉአቸው። ጠርዙ ላይ ላሜራው በፍሬሙ ዙሪያ ታጥፎ ነው ያለው። ይህን እጥፋት አንዴ መክፈት ይቻላል። ከፍቶ ዘግቶ እንደገና መክፈት ግን ይሰነጥቀዋል፤ አሉሚኒየም በተጣጠፈ ቁጥር ይደርቃል። የድሮ የቦዲ ሠራተኞች ለዚህ ዘዴ አላቸው። ላሜራው ላይ ደረቅ ሳሙና ያሹና ከጀርባው በነበልባል ያሞቁታል። ሳሙናው ሲጠቁር ያቆማሉ፤ ሲበርድ ላሜራው ይለሰልሳል። ሳሙናው ያስፈለገው አሉሚኒየም እንደ ብረት ቀልቶ ስለማያስጠነቅቅ ነው። 660 ዲግሪ ገደማ ላይ ዝም ብሎ ቀልጦ መሬት ይወርዳል። እኔ በትርፍ ቁራጭ ላይ ሦስት ጊዜ ሞክሬ አንዱን አቅልጫለሁ። በር ላይ ከመሞከራችሁ በፊት እናንተም ቁራጭ አቅልጡ።

ሲከፈት ውስጡ ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። የእኔ በር ታች ላይ ጣት የሚያክል የደረቀ ጭቃ ነበር። ጭቃው የውኃ ማስወጫ ቀዳዳዎቹን ደፍኗቸዋል። ከጭቃው ሥር ብረቱ ቀይ፣ አሉሚኒየሙ ነጭ። ሁለቱ ቀለሞች የተገናኙበት መስመር ላይ ላሜራው እንደ ወረቀት ሳስቶ ነበር።

ይዳን ወይስ ይጣል?

እዚህ ላይ ለራሳችሁ እውነቱን ንገሩ። ዱቄቱ ላይ ላዩን ከሆነና ላሜራው በጣት ሲጫኑት ካልተንቀሳቀሰ፣ ይድናል። ጥቂት ቀዳዳ ካለው ይለጠፋል። ካቻቢቴው ከጠርዙ ግማሽ በላይ ላይ እየገባ ከሄደ ግን ሶማሌ ተራ ሄዶ ደህና በር መፈለግ ይሻላል፤ ለጉልበት የምታወጡት ከበሩ ይበልጣል። ያገለገለ በር ስትገዙ ላዩን አትዩ። ገልብጡትና ታችኛውን ጠርዝ ዳስሱ። አዲስ የተቀባ ከሆነ ደግሞ ጥርጣሬ ይኑራችሁ።

ማጽዳት

መጀመሪያ በንጹሕ ውኃና በፈሳሽ ሳሙና እጠቡ። ላርጎ ይበቃል። በረኪና አይነካው። ኮስቲክ ሶዳም፣ አመድም እንዲሁ። እነዚህ የድስቱን ጥቁር ያስለቅቁ ይሆናል፤ አሉሚኒየሙን ራሱን ግን ይበሉታል። ሲደርቅ ንጹሕ ጨርቅ በቲነር ነክራችሁ ቅባቱን አንሱ። ይህ ከመፋቅ በፊት መሆን አለበት። ያለዚያ ብርጭቆ ወረቀቱ ቅባቱን ወደ ውስጥ ነው የሚያሸው።

አሁን ፍቁ። ብረት የነካ ብሩሽ፣ ብረት የነካ ዲስክ፣ ብረት የነካ ብርጭቆ ወረቀት እዚህ አይድረስ። ደቃቁ የብረት ብናኝ አሉሚኒየሙ ውስጥ ይቀበርና እያንዳንዱ ቅንጣት የራሱን ትንሽ ባትሪ ይከፍታል። አዲስ የማይዝግ ብረት ብሩሽ ግዙና «ለአሉሚኒየም ብቻ» ብላችሁ እጀታው ላይ ጻፉበት። የብረት ሱፍ አትጠቀሙ። አረንጓዴው የዕቃ ማጠቢያ ግን ለመጨረሻው ማሻሻ ጥሩ ነው።

በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ጀምሩ፣ በ180 ቀጥሉ፣ በ320 ጨርሱ። ማሽን ከሆነ ፍጥነቱ ዝቅ ይበል፤ ላሜራው ሲግል ይጣመማል። እብጠቱ ካለበት ቢያንስ አራት ጣት ወጣ ብላችሁ ፍቁ፤ ደህና የሚመስለው ቀለም ሥር ገብቶ ሊሆን ይችላል። ከዚያ የስልክ መብራት በጎን አብሩበት። ጉድጓዶቹ ውስጥ ነጭ ወይም ጥቁር ነጥብ ከቀረ አልጨረሳችሁም። በመርፌ ጫፍ እየጎረጎራችሁ ደህናው ላሜራ እስኪያበራ አውጡ። አሰልቺው ክፍል ይሄ ነው። እኔ አንድ ሙሉ ከሰዓት ፈጀብኝ፤ ሬዲዮ ላይ ሁለት የኳስ ጨዋታ አልቋል።

አቧራው አደገኛ ነው። የአሉሚኒየም ብናኝ ይቀጣጠላል፤ ከብረት ዝገት ጋር ሲቀላቀል ደግሞ ይብሳል። አሉሚኒየም በፋቃችሁበት ቦታ ብረት ፍቃችሁ ብልጭታ አታስነሱ። ጠርጋችሁ በእርጥብ ጨርቅ አንሱት። ማስክና መነጽር ይኑር። ፋብሪካ ያስቀባው ወይም ወታደራዊ የነበረ አሮጌ ቀለም ሥር ቢጫ ወይም ቢጫ አረንጓዴ ፕራይመር ካገኛችሁ በደረቁ አትፋቁት። ክሮሜት ያለበት ሊሆን ይችላል፤ ክሮሜት ካንሰር ያመጣል።

ጉድጓዱ ጥልቅ ከሆነ ፎስፎሪክ አሲድ ያለበት የአሉሚኒየም ማጽጃ ይረዳል። ጓንት አድርጉ፣ በታዘዘው ልክ በውኃ አቅጥኑ፣ ሳይደርቅ በብዙ ውኃ አለቅልቁ። ጠርሙሱ ላይ ሃይድሮፍሎሪክ የሚል ካለ መልሱት። ያ አሲድ ቆዳ ዘልቆ አጥንት ጋ የሚደርስ ነው።

ንጹሕ መሆኑን የምታውቁበት ቀላል መንገድ አለ። ንጹሕ ውኃ ርጩበት። ውኃው እንደ አንሶላ ሳይቆራረጥ ከተዘረጋ ጸድቷል። ጠብታ ጠብታ ሆኖ ከተሰበሰበ ቅባት አለ፤ ወደ ቲነሩ ተመለሱ። ከዚህ በኋላ በባዶ እጅ አትንኩት።

ብረቱን አትርሱ

ብዙ ሰው አሉሚኒየሙን አሳምሮ የብረት ፍሬሙን እንዳለ ይመልሰዋል። ይሄ ትልቁ ስህተት ነው። እንዲያውም ከሁለቱ አንዱን ብቻ ቀቡ ብትባሉ ብረቱን ቀቡ። ምክንያቱ ይገርማል። አሉሚኒየሙ ብቻ ተቀብቶ አንዲት ጭረት ቢኖረው፣ የሰፊው ብረት ጉልበት ሁሉ በዚያች ጭረት ላይ ይወርድና ቶሎ ይበሳታል። ብረቱ ሲሸፈን ግን ባትሪው አንድ እግሩን ያጣል።

ፍሬሙን ከአሉሚኒየሙ ራቅ ባለ ቦታ፣ በሌላ ብሩሽ ፍቁት። ዝገቱ ሲጠፋ ኢፖክሲ ፕራይመር ሁለት ጊዜ ቀቡት። ፍሬሙን ዚንክ ማስነከር ከቻላችሁ ከሁሉም ይበልጣል፤ ዚንክ ከአሉሚኒየም ጋር ከብረት ይልቅ ይግባባል።

ቀዳዳ ካለ

የተበላውን ደህና ላሜራ እስክታገኙ ቁረጡ። ጥጎቹን ክብ አድርጉ፤ ሹል ጥግ ይሰነጠቃል። መለጠፊያው አሉሚኒየም ይሁን፤ 5251 ወይም 5052 የሚባለው ዓይነት፣ ውፍረቱ 1.2 ሚሊ ሜትር ገደማ። ቁራጭ ከአሉሚኒየም በርና መስኮት ሠሪዎች ብትጠይቁ ቢያንስ ከጣራ ቆርቆሮ የተሻለ ነገር ታገኛላችሁ። በየዙሪያው 2.5 ሴንቲ ሜትር የሚደርብ አድርጋችሁ ቁረጡ። ሁለቱንም ፊት በ80 ቁጥር አሻክሩ፣ ባለ ሁለት ቱቦ ኢፖክሲ ማጣበቂያ ቀቡ፣ ከውስጥ በኩል ለጥፉና በየ3 ወይም 4 ሴንቲ ሜትሩ በሪቬት እሰሩ። ሪቬቱ አሉሚኒየም፣ መሐሉ ያለው ሽቦም አሉሚኒየም ይሁን። ብዙ የአሉሚኒየም ሪቬት መሐሉ የብረት ሽቦ አለው፤ ሲበጠስ ቁራጩ ውስጥ ይቀራል። ማግኔታችሁን ሱቅ ይዛችሁ ሂዱ።

ብየዳስ? ይቻላል፤ ግን በአርጎን ጋዝ የሚሠራ፣ አሉሚኒየም የለመደ በያጅ ይፈልጋል። የአሉሚኒየም ልባስ የሚቀልጠው ከ2000 ዲግሪ በላይ ነው፤ ውስጡ ግን በ660 ገደማ። ያልለመደ ሰው ልባሱን ሲጠብቅ ውስጡ ፈስሶ ያልቃል። ለበር ጠርዝ ማጣበቂያው ይበቃል፤ የውኃ መግቢያ ስንጥቅም አይተውም።

ፕራይመርና ስቱኮ

የተፋቀ አሉሚኒየም ሳይቀባ አይደር። በዚያው ቀን ኢፖክሲ ፕራይመር ሁለት ጊዜ። በሁለቱ መካከል የሚጠበቀውን ደቂቃ ቆርቆሮው ላይ አንብቡ፤ ጎረቤት አትጠይቁ። አሲድ ያለበት ፕራይመር ከተጠቀማችሁ ደግሞ ኢፖክሲ በላዩ ላይ መሄዱን አምራቹ ካልፈቀደ አትደርቡ፤ ሁለቱ አይስማሙም። ተራው ቀይ አንቲሩጅን ለብረት ነው፤ እዚህ ቦታ የለውም።

ስቱኮ የሚመጣው ከኢፖክሲው በኋላ ነው። ባዶ አሉሚኒየም ላይ የተለጠፈ ስቱኮ እርጥበት ይጠጣና የበሽታው ጎተራ ይሆናል። የመጀመሪያው ጋራዥ በሬ ላይ ያደረገው ይህንኑ ነው። ስስ አድርጉት፣ ፍቁት፣ እንደገና አንድ ፕራይመር ስጡት።

የመጨረሻውን ባለ ማጠንከሪያ ቀለም ለቀለም ቀቢ ብትተዉ እመክራለሁ። ማጠንከሪያው አይሶሳያኔት አለበት፤ ተራ ማስክ አይመልሰውም፣ ሳንባንም ለዘለቄታው ይጎዳል።

መግጠም

ሥራው ሁሉ ለዚህ ነበር። ላሜራው ፍሬሙን እንዳይነካ ማድረግ ነው። በፍሬሙ ጠርዝ ላይ ዙሪያውን ፖሊዩሪቴን ማሸጊያ አስምሩና ላሜራውን በዚያ ላይ አሳርፉ። ስትጫኑት በጎን ትንሽ ይውጣ፤ ካልወጣ ክፍተት አለ። ሲሊከን አትጠቀሙ። በተለይ ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተው፣ ሽታው በእርግጥ የኮምጣጤ አሲድ ነው። ቀለምም ሲሊከን ላይ አይዝም።

የጎማ ከመነዳሪ ቆርጦ መሐል ማስገባት የተለመደ ነው። አልወደውም። ጥቁሩ ላስቲክ ውስጥ ካርቦን አለ፣ ከሥሩም ውኃ ይቋጥራል። ለብሎኖች ናይለን ራንዴላ አድርጉ። የማይዝግ ብረት ብሎን ለብሎኑ እንጂ ለአሉሚኒየሙ ጥሩ ጎረቤት አይደለም፤ ዚንክ የለበሰ ይሻላል። ጥርሱ ላይ ግራሶ ቀባ አድርጉ፤ የዛሬ አምስት ዓመት የሚፈታው ሰው ያመሰግናችኋል። እሱም እናንተው ናችሁ።

እጥፋቱን በእንጨት ወይም በናይለን መዶሻ በትንሽ በትንሹ ዙሪያውን እየሄዳችሁ ዝጉ። አንድ ቦታ ላይ አትጨርሱ። የውኃ ማስወጫ ቀዳዳዎቹ በማሸጊያው እንዳልተደፈኑ አረጋግጡ። በመጨረሻ ከውስጥ ሰም የሚረጭ የቦዲ መከላከያ ርጩበት። አንዳንድ ላቫጆ የተቃጠለ ዘይት በናፍጣ በጥብጦ ይረጫል። አትፍቀዱ። አሲድና ቆሻሻ ያለበት ነው፤ በኋላ ቀለም አያስይዝም።

ከዚያ ወዲያ

አፋር ወይም ጅቡቲ ደርሳችሁ ስትመለሱ በሁለት ቀን ውስጥ ከሥርና ከበሮቹ ውስጥ በንጹሕ ውኃ አጥቡ። ሳሙና ግድ አይደለም፤ ጨውን የሚያወጣው ውኃው ነው። አዲስ ጭረት ስታዩ ሳትውሉ ሳታድሩ በትንሽ ብሩሽ ፕራይመር ጠብ አድርጉበት።

ግንቦት መጨረሻ ላይ፣ ዝናቡ ሳይከብድ፣ በየበሩ ሥር ጎንበስ በሉና የውኃ ማስወጫዎቹን ክፈቱ። ሽቦ ፕራይመሩን ይቧጭረዋል። እኔ የፕላስቲክ ገመድ ማሰሪያ ነው የምጠቀመው፤ አንዱን የፀሐይ መከላከያው ላይ ሰክቼዋለሁ። ከዚያ በሩ ውስጥ አንድ ጣሳ ውኃ አፍስሱና ከታች እጃችሁን ዘርጉ። በአንድ ደቂቃ ውስጥ መዳፋችሁ ካልረጠበ፣ ቀዳዳው አሁንም ተደፍኗል።